ሃያ ሁለት ምኑ ነው?

መገናኛ ቆማችሁ ረዳቱ «ሃያ ሁለት! ሃያ ሁለት!» እያለ ሲጮህ፣ ምኑ ነው ሃያ ሁለት ብላችሁ ታውቃላችሁ? የቤት ቁጥር አይደለም፣ የቀበሌም አይደለም። ቁጥር 22 አንበሳ አውቶቡስ እዚያ ደርሶ ይዞር ነበር፤ በቃ፣ «22 ማዞሪያ» ሆኖ ቀረ።

በወረቀት ላይ መንገዱ ኃይሌ ገብረሥላሴ ጎዳና ነው። ሰውየው ይገባዋል። አትላንታና ሲድኒ ላይ የ10 ሺህ ሜትር ወርቅ፣ በመስከረም 2001 ዓ.ም. ደግሞ በርሊን ላይ 2:03:59 ገብቶ ማራቶንን ከ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ በታች የጨረሰ የመጀመሪያው ሰው። ግን ረዳቱን «ኃይሌ ጎዳና ወራጅ አለ» በሉትና ፊቱን እዩት። ቦሌ መንገድ ላይ በባለቤቱ ስም ያቆመውን ዓለም ሕንፃን ግን ማንም አይስተውም።

ወደ ሲኤምሲ ስትወጡ ስሙ ሁሉ የድርጅት ነው። ሲኤምሲ የጣሊያን ኮንትራክተር ነው፤ አያትም ቤት ሠርቶ የሚሸጥ ኩባንያ። (እኔ እስከ ሃይስኩል የሆኑ አሮጊት አያት ሰፈር ይመስለኝ ነበር።)

ሚሌኒየም አዳራሽ እንኳ 2000 ዓ.ም.ን ለመቀበል ተሠርቶ በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ሕሙማን አልጋ ተደረደረበት። አሁን ተመልሶ ኮንሰርትና ባዛር ነው፤ ስሙ ግን ያው ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ራሷ ቦሌ ናት። ኢኮኖሚክስ ስማር ቦሌን የገባኝ በኤርፖርቱ ነው። በ1950ዎቹ ጄት ሲመጣ የልደታው ማረፊያ አልበቃ አለ፣ ሥራው ወደ ቦሌ ዞረ። ሆቴሉ፣ ካርጎው፣ ሻንጣ ሻጩ፣ ዶላር መንዛሪው ሁሉ ተከትሎ መጣ፤ የቤት ኪራዩም አብሮ። አሁን ደግሞ አየር መንገዳችን ቢሾፍቱ አጠገብ ሌላ ኤርፖርት ይዞ ተነሥቷል፤ ሲጠናቀቅ በዓመት 110 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድ የታሰበ።

ኤርፖርት በር ላይ መንገደኛ የሚጭን ጎረቤት አለኝ። ይህንን ሳወራው ዝም ብሎ ሰማኝ።

«ከልደታ ወዲያ ኦልድ ኤርፖርት የሚባል ሰፈር አለ አይደል?» አለኝ። «ኤርፖርቱ እኮ ወደ ቦሌ ከዞረ 60 ዓመት አልፎታል።»

«አዎ።»

«ታዲያ የኛን ምን ሊሉት ነው?»