ስለ በዛብህ ዝምታ

በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያነበበ ሁሉ፥ በዛብህ ስለ ሰብለ ወንጌል በአፉ የሚናገረው በልቡ ከሚያስበው እጅግ ያነሰ መሆኑን ያስተውላል። ይህን ዝምታ አንዳንዱ ፈሪነት ነው ይለዋል፤ ሌላውም የድኻ ልጅ ትሕትና ነው እያለ ያመሰግነዋል። ነገሩን በጥሞና ለመረመረው ግን ሁለቱም ፍርድ ከሥሩ አይደርስም።

እርግጥ የፊታውራሪ መሸሻ ቤት የሚያስፈራ ቤት ነው። ለልጃቸው የመጣውን ባል ሁሉ ዘር እየቆጠሩ የመለሱ ጌታ፥ ንባብና ጽሕፈት ሊያስተምር የገባ የባላገር ልጅ ዓይኑን ቢያነሣባት ምን እንደሚያደርጉ መገመት አያስቸግርም። ነገር ግን ሰውን የሚፈራ ሰው፥ የሚፈራው ዘወር ሲልለት ይጽናናል። የበዛብህ ጭንቀት ግን ፊታውራሪ በሌሉበትም አይለቀውም፤ የታሰረው በሌላ ገመድ ነውና።

ይኸውም የወላጆቹ ስእለት ነው። አቶ ቦጋለ መብራቱና ወይዘሮ ውድነሽ በጣሙ፥ ልጃቸው ከሞት እንዲተርፍላቸው በጨነቃቸው ጊዜ፥ ቢያድግ ሚስት ሳያገባ ቤተ ክርስቲያንን እንዲያገለግል ለእግዚአብሔር ተሳሉ። ልጁ ገና አፉን ሳይፈታ ቃል ተገባበት። ካደገም በኋላ «እወድሻለሁ» ብሎ መናገር፥ የእናቱን እንባና የአባቱን መሐላ መሻር መስሎ ይታየዋል። እዚህ ላይ የመጻሕፍት ሊቃውንት የሚያስታውሱት ነገር አለ። ሐናም ሳሙኤልን ገና ሳትፀንሰው ተስላ ለእግዚአብሔር ቤት ሰጥታዋለች፤ ሆኖም ሳሙኤል ኢዮኤልና አብያ የተባሉ ልጆች እንደ ነበሩት መጽሐፉ ይመሰክራል። ስለዚህ ልጅን ለአገልግሎት መሳል አንድ ነገር ነው፤ በሌላ ሰው ሥጋ ላይ ድንግልናን መሳል ግን ሌላ ነው፤ ምንኩስናም የሚያምረው ሰው በፈቃዱ ሲመርጠው ነው። በዛብህ ይህን በጊዜው የሚነግረው አባት አግኝቶ ቢሆን ኖሮ፥ ዝምታው ያን ያህል ባልከበደው ነበር።

የቅኔ ቤት ልጅ መሆኑም አይዘነጋ። ወርቁን በሰም ሸፍኖ መናገርን ሲማር ያደገ ሰው፥ ልቡንም እንዲሁ ቢሸፍን አያስደንቅም። የመምህርነቱ ጭምትነት ሰሙ ነው፤ ወርቁን ግን ሰብለ ወንጌል ከአንባቢው ሁሉ ቀድማ ፈትታዋለች።

የእርሷም መልስ በመንገድ የተጻፈ ነው። እርሱ ከአባቷ ቁጣ ሸሽቶ ወደ አዲስ አበባ በሄደ ጊዜ፥ የወንድ መነኩሴ ልብስ ለብሳ ከጎጃም ተነሥታ ፈለገችው። ወላጆቹ ለእርሱ የተመኙለትን ልብስ፥ እርሷ ለፍቅሯ መደበቂያ አደረገችው። ስታገኘው ግን በመንገድ ላይ ቆስሎ ለሞት ተቃርቦ ነበር፤ እርሱንም ከቀበረች በኋላ በእውነት መነኮሰች።