የማሳ ዳር አበባና የገበታችን በረከት



የቅዱስ ቁርኣን 16ኛው ምዕራፍ የተሰየመው በንብ ነው፤ ሱረቱ ነሕል። በአንቀጽ 68 እና 69 ላይ አላህ (ሱ.ወ.) ንብ በተራራ፣ በዛፍና ሰው በሚሠራላት ቀፎ ቤት እንድትይዝ እንዳሳወቃት፣ ከሆዷ በሚወጣው መጠጥም ለሰዎች ፈውስ እንዳለ ይነግረናል። ስለ ማሩ ብዙ ይወራል። እኛ ዛሬ የምናነሳው ንቧ የምትቀስመውን አበባ ነው።

በመካነ ሰላም ዙሪያ፣ በቦረናና በሳይንት ደጋዎች፣ ክረምቱ ሲወጣ የማሳው ወሰንና የእርከኑ ጀርባ በአደይ አበባ፣ በመጭና በማገጥ ያሸበርቃል። መጭ እህል ውስጥ ሲገባ አረም መሆኑ አይካድም። ወሰን ላይ ሲበቅል ግን የንብ ቀለብ ነው።

ኑግን እንውሰድ። የኑግ ተክል በራሱ የአበባ ዱቄት ፍሬ መያዝ አይሆንለትም፤ ከሌላው ተክል ዱቄት የሚያመጡለት ንቦችና ሌሎች ነፍሳት ያስፈልጉታል። ባቄላ ራሱን ማዳቀል ቢችልም ንብ ሲጎበኘው ብዙውን ጊዜ የተሻለ ያፈራል። የሽሯችን ባቄላ ደግሞ ፕሮቲን፣ ብረትና ፎሌት ይዟል፤ ፎሌት በተለይ ለነፍሰ ጡር እናቶች አስፈላጊ ነው። አበባው ሲጠፋ እንግዲህ የሚጎድለው የማር ቀፎ ብቻ አይደለም።

በአውሮፓ፣ በሰሜን አሜሪካና በኒውዚላንድ የተካሄዱ 35 ጥናቶችን ያጠቃለለ አንድ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2020 ታትሟል። በማሳ ዳር አበባ መዝራት በአጠገቡ ባለው ሰብል ላይ ተባይን የመከላከሉን ሥራ በአማካይ 16 በመቶ አሻሽሏል። ምክንያቱም ክሽክሽን የሚበሉ ጥንዚዛዎችና ዝንቦች ከአበባው ይመገባሉ፣ እዚያው ይጠለላሉ። በምርት ላይ የታየው ውጤት ግን ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ስለዚህ አበባ ብቻውን ጎተራ ይሞላል ብለን አንዋሽም። ዓይነቱ የበዛና ዓመታት የቆየ የአበባ መስመር ለሰብሉ መዳቀል የበለጠ እንደሚጠቅም ግን ታይቷል።

«መሬቱ ለልጆቼ አልበቃ ብሎ ለአበባ ልስጥ?» የሚል ገበሬ እውነት አለው። የተጠየቀው ግን አዲስ መሬት አይደለም፤ የማይታረሰውን ወሰንና እርከን አለማቃጠልና ፀረ አረም አለመርጨት ነው። ቱ-ፎር-ዲ የተባለው ፀረ አረም ስንዴና ጤፉን ትቶ ሰፋፊ ቅጠል ያላቸውን ይገድላል፤ የንብ አበቦች አብዛኞቹ ከእነዚህ ናቸው። ሙስሊም ከተከለው ወይም ከዘራው ላይ ወፍ፣ ሰው ወይም እንስሳ ቢበላ ሶደቃ እንደሚሆንለት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ማስተማራቸው በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል።

ማር ያላችሁ እናቶች፣ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አታቅምሱ፤ በአንጀቱ ውስጥ አደገኛ መርዝ የሚፈጥር ተህዋስ ሊኖርበት ይችላል።

የወሰኑን ሣር ለከብት የምታጭዱ ደግሞ አበባው ዘሩን እስኪያራግፍ ታገሱ። ፀረ ተባይ መርጨት ግድ ከሆነ ሰብሉ አብቦ ሳለ አይሁን፤ ንቦች ወደ ቀፏቸው ከገቡ በኋላ፣ ወደ መግሪብ ገደማ ይረጭ። ቀፎ ላለው ጎረቤትም ከአንድ ቀን በፊት ይነገረው።