ቅዝቃዜ ከመግዛትዎ በፊት

በግንቦት ወር ከወልድያ ተነሥቶ በአውቶቡስ ወደ መርሳ የወረደ ሰው፣ ሲሪንቃን ሲያልፍ ኮቱን ማውለቁ የታወቀ ነው። መንገዱ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ነገር ግን ወልድያ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ መርሳ ከእርስዋ በጥቂት መቶ ሜትሮች ዝቅ ብላ ተቀምጣለች። በየ100 ሜትሩ ቁልቁለት አየሩ 0.6 ዲግሪ ያህል ስለሚሞቅ፣ በሐብሩ ወረዳ ወደ አፋር በረሃ በቀረቡ ቁጥር ሙቀቱ እየበረታ ይሄዳል።

አንባቢ ሆይ! ይህን ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ምናልባት ነገ እርስዎም በመምህርነት ወይም በጸሐፊነት ከእነዚህ ሞቃት ከተሞች በአንዱ ተመድበው፣ ከቆርቆሮ ሥር ያለች አንዲት ክፍል ይከራዩ ይሆናል። ያን ጊዜ የመጀመሪያው ሐሳብዎ «ማቀዝቀዣ ልግዛ» የሚል እንደሚሆን ከራሴ አውቀዋለሁ።

አምና በግንቦት እኔ በተከራየሁበት የመርሳ ግቢ ውስጥ፣ አንድ ወጣት የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ከባለቤቱና ከሦስት ወር ሕፃኑ ጋር ይኖር ነበር። ክፍላቸው ሦስት ሜትር በአራት ሲሆን ኮርኒስ አልነበረውም። ከቀትር በኋላ ቆርቆሮው እንደ ምጣድ ይግላል፤ ሕፃኑም ገላው በሽፍታ ተሞልቶ ሌሊቱን ሲያለቅስ ያድራል። አባትየው ይህን ማየት ቢሰለቸው፣ ለክፉ ቀን ያስቀመጠውን ገንዘብ አውጥቶ፣ የጎደለውንም ተበድሮ፣ በጎማ የሚገፋ አንድ ኤር ኮንዲሽነር ገዝቶ መጣ።

ሻጩ «ሶኬት ላይ መሰካት ብቻ ነው» ብሎት ኖሯል። ከማሽኑ ጀርባ የሚወጣው ወፍራም ቱቦ ለምን እንደ ሆነ ግን አልነገረውም። ስለዚህ ቱቦው እዚያው ክፍል ውስጥ ተጠቅልሎ ተቀመጠ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ክፍሉ ከቀድሞው የባሰ ሞቀ። በማግሥቱ ደግሞ ማሽኑ እየሠራ ሳለ አከራያችን የኤሌክትሪክ ምጣዳቸውን ቢሰኩ፣ ሽቦው መሽተት ጀመረና የግቢው መብራት ጠፋ። እትዬ «አብሽር ልጄ፤ ሰው ተርፏል» ብለው አጽናኑት። እርሱ ግን በረንዳው ላይ ተቀምጦ ዕዳውን ሲያሰላ አየሁት።

ስሕተቱ ከምን መጣ? ብዙዎቻችን ይህ ማሽን ቅዝቃዜን የሚሠራ ይመስለናል። በእውነቱ ግን ሥራው ሙቀትን ከአንድ ስፍራ አንሥቶ ወደ ሌላ ስፍራ መጣል ነው። ዊሊስ ካሪየር የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ በ1894 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1902) የመጀመሪያውን ዘመናዊ ማሽን ያቀደው ለሰው ምቾት አልነበረም። በብሩክሊን የሚገኝ አንድ ማተሚያ ቤት ወረቀቱ በአየሩ እርጥበት ምክንያት እየተሳሳበ ቀለሙን ስላዛነፈበት ነበር። ከዚያ ወዲህ ማሽኑ ብዙ ቢሻሻልም ሕጉ አልተለወጠም፤ ከክፍሉ የተወሰደው ሙቀት ውጭ መጣል አለበት። የጎረቤቴ ማሽን በፊቱ የሰበሰበውን ሙቀት በጀርባው ወደዚያው ክፍል ይመልሰው ነበር።

በሸራ ጀልባ ባሕር የሚያቋርጡ ሰዎችም ይኸው ችግር አለባቸው። የሚተኙባት ክፍል ከእኛ ኪራይ ቤት የጠበበች ናት፤ ፀሐይ ከላይ ታነድዳታለች፤ የመብራታቸውም ምንጭ ባትሪ ስለ ሆነ በአንድ ሌሊት ባትሪውን የሚጨርስ ማሽን አይጠቅማቸውም። ስለዚህ አስቀድመው በጀልባዋ ላይ የጥላ ሸራ ይወጥራሉ። ቀጥለውም በጣሪያዋ መስኮት ላይ ነፋስ የሚይዝ ጨርቅ አቁመው አየሩን ወደ ውስጥ ይነዱታል። ማሽን የሚያስገቡት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እኛም ይህንኑ ቅደም ተከተል ብንከተል ከኪሳራ እንድናለን።

አንደኛ፣ ሙቀቱ እንዳይገባ ይከልክሉ። በቆርቆሮ ቤት ትልቁ ጠላት ጣሪያው ነው። ኮርኒስ የለው እንደ ሆነ፣ የማዳበሪያ ከረጢት ወይም አቡጀዲ ሰፍቶ መወጠር እንኳ ትልቅ ለውጥ ያመጣል። በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል ያለው አየር መውጫ ቀዳዳ ቢያገኝ ደግሞ የበለጠ ይረዳል። በምዕራብ በኩል ያለውን መስኮት ከቀትር በኋላ ይጋርዱ። የመርሳ ሰው በግቢው የሚተክለው ማንጎም ከፍሬው ሌላ ጥላው ሀብት ነው።

ሁለተኛ፣ አየሩን ያንቀሳቅሱ። ማታ ውጭው ሲበርድ ፊት ለፊት ያሉ መስኮቶችን ይክፈቱ። ቬንቲሌተር ላብን በማድረቅ ሰውነትን ያቀዘቅዛል እንጂ ክፍሉን አያቀዘቅዝም፤ ስለዚህ ሲወጡ ያጥፉት። የሚወስደው ኃይል 60 ዋት ገደማ ነው።

ሦስተኛ፣ ውሃን ይጠቀሙ። በእንስራ ያለ ውሃ የሚቀዘቅዘው፣ በሸክላው በኩል የሚወጣው ውሃ በሚተንበት ጊዜ ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ ነው። በውሃ የሚሠሩት ማቀዝቀዣዎችም በዚሁ ሕግ ይሠራሉ። በደረቁ የግንቦትና የሰኔ አየር መስኮት ከፍተው ቢጠቀሙባቸው ደኅና ናቸው። በሐምሌና በነሐሴ እርጥበት፣ ወይም እንደ ምጽዋ ባለ የባሕር ዳር አየር ግን ክፍሉን ከማራስ በቀር ብዙ አይረዱም።

በመጨረሻ፣ ኤር ኮንዲሽነር የግድ ቢያስፈልግ መጠኑን አስልተው ይግዙ። የማሽኑ ጉልበት ቢቲዩ በተባለ መለኪያ ይጻፋል። ለአንድ ካሬ ሜትር 600 ያህል ቢታሰብ፣ 12 ካሬ ሜትር ለሆነች ክፍል 7,200 ይመጣል፤ ስለዚህ 9,000 የተጻፈበት ይበቃል። ከዚያ የበለጠው ቶሎ ቶሎ እየጠፋ እርጥበቱን ሳያወጣ ይቀራል። እንዲህ ያለው ማሽን 900 ዋት ገደማ፣ ማለትም የዐሥራ አምስት ቬንቲሌተር ኃይል ስለሚወስድ፣ ከቆጣሪው ራሱን የቻለ መስመር በባለሙያ ያስዘርጉለት። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ በጦርነቱ ምክንያት ወልድያና መርሳ ለወራት ያለ መብራት መቆየታቸውንም አይርሱ። ጥላና ነፋስ ቆጣሪ አይፈልጉም።

የጎረቤቴስ ነገር እንዴት ሆነ? ማሽኑን በኪሳራ ሸጦ ከዕዳው አብዛኛውን ከፈለ። አንድ ቅዳሜ ሦስታችን፣ እርሱ፣ እኔና የአከራያችን ልጅ፣ ከረጢት ሰፍተን ኮርኒስ ወጠርንለት፤ በስተምሥራቅ በኩልም ከግድግዳው ከፍ ብሎ አንድ መስኮት ተከፈተ። ከዚያም አንድ ቬንቲሌተር ገዝቶ፣ ነፋሱ ሕፃኑን በቀጥታ እንዳይመታው ወደ ግድግዳው አዙሮ አቆመው። ክፍሉ እንደ ወልድያ አልቀዘቀዘም። ነገር ግን የሕፃኑ ሽፍታ በሳምንቱ ጠፋ፤ እኛም ሌሊት ልቅሶውን መስማት ተውን።

እንግዲህ እርስዎም ደመወዝዎን ይዘው ወደ ሱቅ ከመሄድዎ በፊት፣ አንድ ቀን ከቀትር በኋላ በክፍልዎ መካከል ቆመው ሙቀቱ በየት በኩል እንደሚገባ ይመልከቱ። ከዚያ በኋላ የሚገዙትን ያውቁታል።