መኪናዋ የጠጣችውን ኮረንቲ ማን ይቆጥራል?

በየቤታችን ያለው ቆጣሪ የሚቆጥረው ተለዋዋጭ ኮረንቲ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ግን የሚቀበለው ቀጥተኛ ኮረንቲ ብቻ ነው። በፈጣን ቻርጀር ለውጡ የሚካሄደው ከመኪናው ውጭ ስለሆነ፣ ወደ መኪናው የሚገባው ቀጥተኛው ነው፤ ደንበኛው የሚከፍልበትም እርሱ ቢለካ ነው የሚሻለው። ተራው የመለኪያ ትራንስፎርመር ደግሞ እዚህ አይሠራም፤ የማይለዋወጥ ማግኔታዊ መስክ በሁለተኛው ጥቅል ላይ ቮልቴጅ አይፈጥርምና። በ2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪኖች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ስለተከለከለ ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም።

አንዱ መላ ሸንት ነው። ሸንት ማለት ሬዚስታንሱ በጣም አነስተኛና በትክክል የታወቀ ብረት ነው። ኮረንቲው በሙሉ በእርሱ ያልፋል፤ እኛ የምንለካው በጫፎቹ መካከል ያለውን ቮልቴጅ ነው። ቀሪውን የኦም ሕግ ይነግረናል። በ0.0001 ኦም ሸንት 500 አምፔር ሲያልፍ 50 ሚሊቮልት ይገኛል። ታዲያ ሬዚስታንሱን ጨምሮ ቮልቴጁን ማጉላት አይሻልም ወይ? አይሻልም። አሁንም ቢሆን 25 ዋት ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ አሥር እጥፍ ብናደርገው 250 ዋት ሊሆን ነው፤ ምድጃ ሆነ ማለት ነው!

መዳብ ለሸንት አይሆንም፤ ሙቀቱ 1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቁጥር ሬዚስታንሱ 0.4 በመቶ ያህል ይጨምራል። ኮንስታንታን በሙቀት ብዙም አይለወጥም፤ ግን ከመዳብ ጋር ተጋጥሞ በሁለቱ ጫፎች መካከል የ1 ዲግሪ ልዩነት ካለ 0.04 ሚሊቮልት ያህል ከራሱ ያመነጫል። ይህም ከላይ ባልነው ሸንት 0.4 አምፔር ሆኖ ይነበባል። በ500 አምፔር ላይ ከቁም ነገር አይገባም፤ ባትሪው ሊሞላ ሲል ኮረንቲው ወደ 20 አምፔር ከወረደ ግን የ2 በመቶ ስሕተት ነው። ስለሆነም የመዳብ፣ የማንጋኒዝና የኒኬል ቅይጥ የሆነው ማንጋኒን ይመረጣል።

እኛም በላቦራቶሪ 12 ቮልት ባትሪ፣ 60 ዋት አምፖልና 0.01 ኦም ሸንት አገናኝተን 50 ሚሊቮልት ስንጠብቅ 70 አነበብን። 7 አምፔር! «ሸንቱ ተበላሽቷል» ብለን ስንከራከር ዋልን። ጥፋቱ ግን የኛው ነበር። የቮልቲሜትሩን ሽቦ ኮረንቲው ከሚገባበት ሽቦ ጋር በአንድ ብሎን አስረነው ስለነበር የመጋጠሚያውንም ሬዚስታንስ ጨምረን ለክተናል። ከብሎኖቹ ወደ ውስጥ ገባ አድርገን ሸንቱ ላይ ስናስረው ቁጥሩ 50 አካባቢ መጣ። ደህና ሸንት አራት ማሰሪያ የሚኖረው ለዚህ ነው፤ ሁለቱ ለኮረንቲ፣ ሁለቱ ለመለኪያ። ቻርጀር ላይ እንደኛ ያሰረ ሰው ቢኖር፣ ደንበኛው 5 አምፔር ወስዶ የ7 ሊከፍል ነው።

ሸንቱ ላቦራቶሪው ውስጥ አለ፤ ያላመነ መጥቶ በሁለቱም መንገድ አስሮ ይለካ።