ከሽሮ ሜዳ እስከ ላንጋኖ፦ ዓሣን ፈጥኖ የሚያበስለውና ፈጥኖ የሚያበላሸው ምንድን ነው?

እንደሚታወቀው ሽሮ ሜዳ በእንጦጦ ተራራ ግርጌ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የሚገኝ የጉለሌ ሰፈር ነው። ሰፈሩ በባህል ልብስ ገበያው ይታወቅ እንጂ፣ እናቶች ግን ሌላም ጠባይ ያውቁለታል፦ የባቄላና የሽንብራ ንፍሮ በቶሎ አይበስልም። ከዚሁ ሰፈር የተነሣ ቤተሰብ ለዕረፍት ወደ ላንጋኖ ሐይቅ ወርዶ ድንኳን ቢተክል፣ ከዳርቻው ድንጋይ ላይ ሆኖ ያጠመደውን ዓሣ ግን ከ15 ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ ጠብሶ ሊመገብ ይችላል። ይህ ልዩነት የመጣው ከቦታው ከፍታ ነው ወይስ ከምግቡ ተፈጥሮ? ጥያቄው ቀላል ቢመስልም መልሱ ከቤተሰቡ ጤና ጋር በቀጥታ የተያያዘ በመሆኑ፣ በዚህ ጽሑፍ ከማጥመጃው ድንጋይ ጀምረን እስከ ድንኳኑ ድረስ እንከተለዋለን።

ዓሣው ወደ ድንጋዩ ለምን ይመጣል?

ላንጋኖ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኝ ሐይቅ ነው። ውኃው ቡናማ መልክ ያለው ደቃቅ የአፈር ብናኝ ስለሚንሳፈፍበት ነው። ብናኙ የፀሐይን ብርሃን ስለሚጋርድ አልጌዎች በደንብ የሚያድጉት ከውኃው ገጽ አጠገብና ጥልቀት በሌላቸው ድንጋዮች ላይ ነው። ቆሮሶ አልጌ ተመጋቢ በመሆኑ ወደ ድንጋያማው ዳርቻ ይጠጋል፤ በመሆኑም መንጠቆው ላይ የዳቦ ወይም የሊጥ ቁራጭ ማድረግ ይበቃል። አምባዛ በበኩሉ ሥጋ ስለሚወድና በአፉ ዙሪያ ባሉት ረጃጅም ሪዞች እየዳሰሰና እየቀመሰ ምግቡን ስለሚፈልግ፣ የደፈረሰ ውኃ አያግደውም።

ወላጆች ልጆቻቸውን «ዓሣው እንዳይሸሽ ዝም በሉ» ማለታቸው የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ በአየር ውስጥ የሚጓዝ ድምፅ ከውኃው ገጽ ጋር ሲገናኝ ኃይሉ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ተመልሶ ይነጥራል። በአንጻሩ ድንጋይን በእግር መምታት የሚፈጥረው ንዝረት በቀጥታ ወደ ውኃው ይገባል፤ ዓሣም በሰውነቱ ጎንና ጎን በተዘረጋው የስሜት መስመር አማካይነት ይገነዘበዋል። ስለዚህ ትክክለኛው ምክር «አትናገሩ» ሳይሆን «ድንጋዩን አትርገጡ» የሚለው ነው። አልጌ የለበሰ እርጥብ ድንጋይ እጅግ አንሸራታች መሆኑ ደግሞ ምክሩን ይበልጥ ያጠናክረዋል።

እሳት፣ ከፍታና ጡንቻ

ውኃ የሚፈላው የእንፋሎቱ ግፊት ከአየሩ ግፊት ጋር ሲስተካከል ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር የአየር ግፊት ስለሚቀንስ፣ በየ300 ሜትሩ የመፍያ ነጥቡ በ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ዝቅ ይላል። በባሕር ወለል ደረጃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውኃ ላንጋኖ ላይ ወደ 95፣ ሽሮ ሜዳ ላይ ደግሞ ከ91 እስከ 92 ዲግሪ ባለው ሙቀት ይፈላል። እሳቱን ማንደድ ውኃውን ቶሎ ያተንነው እንደሆነ እንጂ ሙቀቱን አይጨምርም። የባቄላን ሕዋሳት አጣብቆ የያዘው ፔክቲን የሚሟሟው በከፍተኛ ሙቀት ስለሆነ፣ ጥቂት ዲግሪ መቀነሱ የማብሰያውን ጊዜ በእጅጉ ያራዝመዋል። ፈረንሳዊው ዴኒስ ፓፓን እ.ኤ.አ. በ1679 ያስተዋወቀው የግፊት ድስት ችግሩን የሚፈታው እንፋሎቱን አፍኖ ግፊቱን ከፍ በማድረግ ነው።

ዓሣ ግን ይህን ሁሉ አይጠይቅም። የከብት ጡንቻ ከባድ አካል ተሸክሞ በምድር ላይ የሚንቀሳቀስ በመሆኑ ኮላጅን በተባለ ጠንካራ አያያዥ ፕሮቲን የታሰረ ነው። የዓሣን ክብደት ግን ውኃው ራሱ ስለሚሸከምለት ኮላጅኑ አነስተኛ ነው፤ በዝቅተኛ ሙቀትም ይሟሟል። የጡንቻው ፕሮቲኖች ከ40 እስከ 50 ዲግሪ ባለው ሙቀት መርጋት ይጀምራሉ፤ 60 ዲግሪ አካባቢ ሲደርሱም ሥጋው ነጥቶ በንብርብር ይለያያል። የሽሮ ሜዳ ፈላ ውኃ እንኳ ከዚህ እጅግ የሚበልጥ ሙቀት ስላለው፣ ዓሣን በተመለከተ የከፍታው ልዩነት ያን ያህል አያሳስብም።

ፈጥኖ የሚበስል ፈጥኖ ይበላሻል

ይኸው ልልነት ሌላ ገጽታ አለው። አያያዡ ደካማ የሆነው ሥጋ ለባክቴሪያና ለራሱ ለዓሣው ኤንዛይሞችም በቀላሉ ይሸነፋል። ባክቴሪያዎቹ በቆዳው፣ በስንጥቡና በአንጀቱ ውስጥ ይኖራሉ፤ ዓሣው ሲሞት የመከላከል አቅሙ ያከትማል። በስምጥ ሸለቆ ፀሐይ ያለ በረዶ የዋለ ዓሣ በሰዓታት ውስጥ ይበላሻል።

መልካሙ ዜና የላንጋኖ ዓሣ ለበረዶ ጥሩ ምላሽ መስጠቱ ነው። በላዩ ያሉት ባክቴሪያዎች ሞቃት ውኃ የለመዱ ስለሆኑ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ እድገታቸው ክፉኛ ይገታል። የሞቃት አካባቢ ዓሣ በበረዶ ውስጥ ከቀዝቃዛ ባሕር ዓሣ ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ የሚቆየው በዚህ ምክንያት ነው። በመሆኑም ከፊሉን ወደ ሽሮ ሜዳ ይዞ ለመመለስ የሚሻ ቤተሰብ ወዲያውኑ ሆድ ዕቃውንና ስንጥቡን አውጥቶ፣ ለ1 ኪሎ ዓሣ 1 ኪሎ ያህል በረዶ ማዘጋጀት ይገባዋል።

በሐይቆቻችን ዳርቻ ጥሬ ዓሣን በአዋዜ መመገብ የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዓሦች ውስጥ የኮንትራሲኩም ድቡልቡል ትል እጮች ይገኛሉ፤ አልፎ አልፎም ሰውን ሊያሳምሙ ይችላሉ። ሎሚ ሥጋውን አንጥቶ የበሰለ ያስመስለዋል እንጂ እጮቹን ለመግደል አይታመንበትም። አስተማማኙ መንገድ ወፍራም የሆነው የሥጋው ክፍል 63 ዲግሪ እስኪደርስ ማብሰል ነው፤ ቴርሞሜትር በሌለበትም ሥጋው መስታወታማ መልኩን አጥቶ ከአጥንቱ በቀላሉ መለየቱ ምልክት ይሆናል።

ከሰሉ ከድንኳኑ ውጭ ይደር

ዓሣው ከተጠበሰ በኋላ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ፍሙን ወደ ድንኳን ማስገባት ያጓጓል። ይህ ግን ከሁሉም የከፋ አደጋ ነው። ከሰል ሲነድ ቀለምም ሽታም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመነጫል፤ ጋዙ ከደማችን ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በሚበልጥ ጥንካሬ ስለሚጣበቅ አካላችን ኦክስጅን ያጣል። የተኛ ሰው ሳይነቃ ሊሞት ይችላል። አመድ የለበሰ ፍም የጠፋ ቢመስልም ጋዙን ማመንጨቱን አያቆምም። ነገሩ ሽሮ ሜዳ ባለው የመኝታ ክፍላችንም ያው ነው፤ እንዲያውም በዚያ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ በመሆኑ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን አስቀድሞም ያነሰ ነው።

እንግዲህ ዓሣን ፈጥኖ የሚያበስለውም ፈጥኖ የሚያበላሸውም አንድ ነገር፣ ማለትም ልል የሆነው ጡንቻው ነው። ይህን የተረዳ ቤተሰብ በረዶውን አስቀድሞ ያዘጋጃል፣ ዓሣውን ከአጥንቱ እስኪለይ ያበስላል፣ ከመኝታ በፊትም ፍሙን በውኃ ያጠፋል። ለብርዱ ተጨማሪ ብርድ ልብስ ይበቃል።