በከፋ ሰማይ ላይ የምትታየው ትንሽ ደመና

ቦንጋና አካባቢዋ ያላችሁ ወገኖቻችን በኅዳር መጨረሻ፣ ሰማዩ ጠርቶ ጨረቃ በሌለችበት ምሽት፣ ከዒሻ ሶላት በኋላ ከመብራት ራቅ ብላችሁ ፊታችሁን ወደ ቂብላ አዙሩ። ከከፋ ሲታይ ቂብላችን ሰሜን ሆኖ ጥቂት ወደ ምሥራቅ ያዘነብላል። በዚያው አቅጣጫ ቀና ስትሉ ከሰማዩ እኩሌታ ትንሽ ከፍ ብላ እንደ ጭስ የደበዘዘች ነገር ትታያችኋለች። አንድሮሜዳ ናት።

የኢስፋሃኑ ሊቅ አብዱረሕማን አስ-ሱፊ እ.ኤ.አ. በ964 በጻፈው የከዋክብት መጽሐፍ ትንሽ ደመና አድርጎ መዝግቧታል። አንዳንዶቻችን ታዲያ «ጋላክሲን ያገኘው እርሱ ነው» እንላለን። ይህ ማጋነን ነው፤ ለአስ-ሱፊም ክብር አይጨምርለትም። ያየውን በትክክል ጻፈ፤ ርቀቷ የሚለካበት መንገድ ግን በዘመኑ አልነበረም።

መንገዱን የከፈተችው አንዲት ኮከብ ናት። በጥቅምት 1923 እ.ኤ.አ. ኤድዊን ሃብል በካሊፎርኒያው ማውንት ዊልሰን፣ መስተዋቱ 2.5 ሜትር በሆነ ቴሌስኮፕ አንድሮሜዳን በመስታወት ሰሌዳ ላይ ፎቶግራፍ አነሳ። አንዷን ነጥብ በድንገት የፈነዳች ኮከብ መስላው ምልክት አደረገባት። ቀደም ካሉት ሰሌዳዎች ጋር ሲያስተያያት ግን ትደምቃለች፣ ትደበዝዛለች፣ እንደገና ትደምቃለች። ምልክቱን ሰርዞ ተለዋዋጭ መሆኗን ጻፈ። ዙሯ 31 ቀን ያህል ነው።

ይህ ምን ይጠቅማል? ሄንሪየታ ሊቪት የተባለች ተመራማሪ በ1912 እንዳሳየችው፣ እንዲህ ያሉት ኮከቦች ዙራቸው በረዘመ ቁጥር እውነተኛ ብርሃናቸው ይበልጣል። ማዶ ካለው ኮረብታ ላይ የሚበራን አምፖል አስቡ፤ ጉልበቱን ካወቅን ከድብዘዛው ርቀቱን እናሰላለን። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ሩብ ይሆናልና። ሃብል ያገኘው 900,000 የብርሃን ዓመት ያህል ነበር። ዛሬ 2.5 ሚሊዮን ያህል እንደሆነ ታውቋል፤ እንዲህ ያሉ ኮከቦች ሁለት ዓይነት መሆናቸው ያኔ አልታወቀም ነበር። የተሳሳተው ቁጥር እንኳ «ከፍኖተ ሐሊብ ውጭ ሌላ ጋላክሲ የለም» ይባል የነበረውን ክርክር ለመዝጋት በቃ።

ኮከቧን በዓይን ለማየት አትድከሙ፤ በዓይን ከሚታየው ደብዛዛ ኮከብ በብዙ አሥር ሺህ እጥፍ የደበዘዘች ናት። ሆኖም ዛሬ አማተሮችም ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ቴሌስኮፕና በዲጂታል ካሜራ፣ ብዙ ፎቶዎችን አንዱን በአንዱ ላይ ደርበው ይይዟታል። አንድ ፎቶ ነጥብ ብቻ ነው የሚሰጠው። መለዋወጧን ለማየት ወር ሙሉ በየጥቂት ሌሊቱ መመለስ ያስፈልጋል፤ በደመናማው ከፋ ደግሞ ከቴሌስኮፑ ይልቅ የሚቸግረው እንዲህ ያለውን ወር ማግኘት ነው።