ለራስ የሚሰጥ ዝቅተኛ ግምት፦ ከአእምሮ ሕመም ጋር አብሮ ሊታከም የሚገባ ችግር

የአእምሮ ሕመም ያጋጠማቸው ብዙ ሰዎች ከሕመሙ ምልክቶች ባልተናነሰ «ከእንግዲህ ለምንም አልረባም» በሚል ስሜት ይጎዳሉ። ይህ ስሜት መድኃኒቱ ጥሩ ውጤት ካሳየ በኋላም ሊቀጥል ይችላል። በዚህም ምክንያት ታካሚው ቀጠሮውን ያቋርጣል፤ ሥራ ከመፈለግ ይቆጠባል፤ ከሰው ይርቃል። ቤተሰብም ሁኔታውን እንደ ስንፍና ሊቆጥረው ይችላል። ይሁን እንጂ ለራስ የሚሰጥ ዝቅተኛ ግምት የራሱ ሕክምና ያለው ችግር ነው።

ችግሩ እንዴት ይፈጠራል?

በድብርት ሕመም ራስን ዋጋ ቢስ አድርጎ መመልከት ከሕመሙ ምልክቶች አንዱ ነው። እንደ ስኪዞፍሬንያና ባይፖላር ባሉ ሕመሞች ደግሞ የመገለል ድርሻ ከፍተኛ ነው። «እብድ» እየተባለ የሚጠራ ሰው ከጊዜ በኋላ ስያሜውን ራሱ አምኖ ይቀበላል። ከዚያም ንቀትን በመፍራት ከሰርግ፣ ከለቅሶና ከእድር ይቀራል። በቀረ ቁጥር ግን ፍርሃቱ እውነት መሆን አለመሆኑን የሚያረጋግጥበትን ዕድል ያጣል፤ እምነቱም እየጠነከረ ይሄዳል።

የሕክምናው ዓይነቶች

ባለሙያው በመጀመሪያ የችግሩን መነሻና መጠን ይመረምራል። ለዚህም ከሚያገለግሉት መጠይቆች አንዱ በ1965 እ.ኤ.አ. የወጣውና 10 ጥያቄዎች ያሉት የሮዘንበርግ መለኪያ ነው። ከምርመራው በኋላ የሚከተሉት ሕክምናዎች ለየብቻ ወይም በጥምረት ሊሰጡ ይችላሉ።

• የአስተሳሰብና የባህሪ ሕክምና፦ ታካሚው ስለ ራሱ ያለውን እምነት በተጨባጭ ማስረጃ እንዲመዝን ይረዳል። ለምሳሌ አንድ ታካሚ «እድር ብሄድ ሁሉም ይሸሸኛል» ብሎ ቢያምን፣ ግምቱን አስቀድሞ ይመዘግባል፤ ለግማሽ ሰዓት ያህል በስብሰባው ይገኛል፤ በቀጣዩ ቀጠሮ ያጋጠመውን ከግምቱ ጋር ከባለሙያው ጋር ያነጻጽራል። መጻፍ የማይችል ሰው በቃል ሊያስረዳ ይችላል። የሕክምናው ዓላማ ታካሚውን በባዶ ማወደስ ሳይሆን ራሱን በትክክለኛ ሚዛን እንዲመለከት ማስቻል ነው።

• ተግባርን ደረጃ በደረጃ መመለስ፦ ቡና እንደማፍላት፣ ልጅን ትምህርት ቤት እንደማድረስ ባሉ ሊሳኩ በሚችሉ ሥራዎች ይጀመራል። የተከናወነው እየተመዘገበ ቀስ በቀስ ወደ ከባድ ሥራዎች ይታለፋል።

• የቡድን ሕክምና፦ ተመሳሳይ ችግር ያለባቸው ሰዎች በባለሙያ መሪነት ልምዳቸውን ይለዋወጣሉ። የሕይወት ታሪክን መልሶ መተረክን ያካተቱ ሕክምናዎች ታካሚው ሕመሙን የሕይወቱ አንድ ክፍል እንጂ መላ ማንነቱ አድርጎ እንዳይመለከተው ያግዛሉ።

• የቤተሰብ ትምህርት፦ ቤተሰብ ታካሚውን ከመዝለፍም ሆነ ሥራውን ሁሉ ከመሥራት ተቆጥቦ፣ የቤት ውስጥ ድርሻውን እንዲወጣና በጉዳዮቹ እንዲወስን ዕድል እንዲሰጠው ያስተምራል።

የሥነ ልቦና ሕክምና በሐኪም የታዘዘ መድኃኒትን አይተካም። ወደ ጸበል ወይም ወደ ሌላ የእምነት ስፍራ የሚሄዱ ታካሚዎችም መድኃኒታቸውን ማቋረጥ የለባቸውም። ለውጡ የሚታየው በሳምንታትና በወራት በመሆኑ በመጀመሪያዎቹ ቀጠሮዎች ተስፋ መቁረጥ አይገባም።

አገልግሎቱን ለማግኘት

በሕክምና ክትትል ላይ ያሉ ታካሚዎች ለራሳቸው ያላቸው ግምት መቀነሱን ለሚከታተላቸው ባለሙያ በግልጽ መናገር ይኖርባቸዋል፤ ካልተነገረ ሳይስተዋል ሊታለፍ ይችላል። ክትትል ያልጀመሩ ሰዎች በአቅራቢያቸው ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ መሄድ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ማማከር ይችላሉ። የሥነ ልቦና ሕክምና በሁሉም ተቋማት ስለማይሰጥ፣ እንደ አስፈላጊነቱ የሪፈራል ወረቀት ተጽፎ ታካሚው ወደ ሆስፒታል ይላካል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባላት ይህንኑ የሪፈራል ሥርዓት መከተል አለባቸው። ወደ ተቋሙ ሲኬድ መታወቂያ፣ የቀጠሮ ካርድና በመወሰድ ላይ ያሉ መድኃኒቶችን መያዝ ለባለሙያው ሥራ ይጠቅማል። ታካሚው ለባለሙያው የሚነግረው ጉዳይ በሚስጥር የመጠበቅ መብት አለው።

አስቸኳይ ሁኔታ፦ ታካሚው ስለ መሞት ወይም ራሱን ስለ መጉዳት ከተናገረ ብቻውን ሊተው አይገባም። ሊጎዱት የሚችሉ ነገሮችን ከአካባቢው በማራቅ፣ ቀጠሮ ሳይጠበቅ በአቅራቢያው ወደሚገኝ የድንገተኛ ሕክምና ክፍል ሊወሰድ ይገባል።